«ወንድሜ መርከብ ላይ ተዳክሟል፤ ይመለስ ወይስ ውሉን ይጨርስ?»

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ቱሪስቱ ሲጠፋ ዱባይ ሄደ፤ ከዚያም ከማያሚ እየተነሣ ካሪቢያንን የሚዞር የመዝናኛ መርከብ ላይ በረዳት አስተናጋጅነት ተቀጠረ። ውሉ ዘጠኝ ወር ነው፤ አሁን አምስተኛውን ይዟል። መጀመሪያ ላይ ፎቶ ይልክ፣ ይስቅ ነበር። አሁን ንጋት ላይ ይደውልና ዝም ይላል። «የሰው ፊት አስጠላኝ፤ መሳቅ ደከመኝ» አለኝ። እናታችን ዱዓ እያስደረገች ነው፤ አክስታችን ጠበል ይላክለት ትላለች፤ አባታችን «ወንድ ልጅ የጀመረውን ይጨርሳል» ይላል። የመጨረሻው ወንድማችን ደግሞ ኮምቦልቻ ሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ ፈቷል፤ አንድ ደላላ መርከብ ላይ አስገባዋለሁ ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠይቆናል። ምን እናድርግ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ቤተሰባችሁ ሁሉ ልጁን እንደሚወደው ከደብዳቤዎ ይታያል። ነገር ግን አባትዎም እናትዎም ችግሩን የሚፈልጉት ልጁ ውስጥ ነው፤ አንዱ በወኔው፣ ሌላዋ በመንፈሱ። እኔ የሠራተኞችን የአእምሮ ጤና የምከታተል ባለሙያ ነኝ፤ ከባሕር ሠራተኞችና ከቤተሰቦቻቸውም ጋር እሠራለሁ። ከእነሱ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የምመረምረው ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ነው። የወንድምዎ ነገርም ከዚያ ይጀምራል።

መልሱን ላስቀድም፦ መመለሱም መጨረሱም ገና አይወሰን። በዚህ ሳምንት ውስጥ መርከቡ ላይ ወዳለው የሕክምና ክፍል ሄዶ እንቅልፉን፣ ድካሙን፣ የተሰማውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ከዚያ በፊት ግን «በፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርም። የሁለቱ ቅደም ተከተል የአውሮፕላን ትኬትና የብዙ ሳምንት ደመወዝ ልዩነት ያመጣል፤ ዝርዝሩን ከታች እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ የአንድ ረዳት አስተናጋጅ ቀን ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ፤ ከመርከብ መርከብ ጥቂት ቢለያይም መልኩ ይኸው ነው። ጠዋት 12፡30 ላይ ዩኒፎርሙን ለብሶ የቁርስ አዳራሽ ውስጥ ይቆማል፤ እስከ ረፋዱ 4፡00። ምሳ ከ6፡00 እስከ 8፡30። እራት ከቀኑ 11፡00 ይጀምርና ሁለት ዙር እንግዳ ያስተናግዳል፤ የመጀመሪያው ዙር ሲነሣ ጠረጴዛው በጥቂት ደቂቃ ተነጥፎ ለሁለተኛው ይደርሳል። ቢላና ሹካው ተወልውሎ፣ የነገው ጠረጴዛ ተሰናድቶ ሲያልቅ ሌሊት 5፡00 ይሆናል። ሲደመር 12 ሰዓት ነው። ነገም እንዲሁ፤ እሑድም እንዲሁ። በዘጠኝ ወር ውል ውስጥ አንድም ሙሉ የዕረፍት ቀን የሌለበት ሥራ ነው። መርከቡ ወደብ ሲቆም እንኳ ለድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ሲባል ተራ የደረሳቸው ሠራተኞች አይወርዱም። የቆዩት እንግዶች ወርደው አዲሶቹ የሚሳፈሩበት ቀን ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጠዋት ሻንጣ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ይወጣል፣ መርከቡ በመካከሉ ታጥቦ አዲስ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የባሕር ሠራተኞችን መብት የሚገዛው ዋናው ሰነድ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የባሕር ሥራ ስምምነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ስምምነት ዓይን አስተናጋጁም፣ ወጥ ቤት ሠራተኛውም፣ አልጋ አንጣፊዋም ልክ እንደ ካፒቴኑ መርከበኞች ናቸው። ወንድምዎ ራሱን «እኔ የሆቴል ሠራተኛ ነኝ፣ የመርከበኛ ሕግ አይመለከተኝም» እያለ ከሆነ ከዚህ ሐሳብ ያውጡት።

ስምምነቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። የቀኑ ዕረፍት ከሁለት በላይ መቆራረጥ የለበትም፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። አሁን የወንድምዎን ቀን እናስላ። ከሌሊቱ 5፡00 እስከ ጠዋት 12፡30 ሰባት ሰዓት ተኩል አለው። ከ8፡30 እስከ 11፡00 ሁለት ሰዓት ተኩል አለው። የረፋዱ ሁለት ሰዓት ሦስተኛ ቁራጭ ስለሚሆን አይቆጠርም። ድምሩ ልክ 10 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ አንዲት ደቂቃ አይተርፍም። ከሰዓት በኋላ የእሳት ወይም የሕይወት አድን ልምምድ ከተጠራ፣ ወይም ሁለተኛው ዙር እንግዳ እስከ 5፡30 ከተቀመጠ፣ ሕጉ ተጥሷል። ልምምዶች በተቻለ መጠን ዕረፍትን በማያናጋ ሰዓት እንዲደረጉም ስምምነቱ ይጠይቃል።

ሰዎች የማያስተውሉት ሌላ ክፍተት አለ። መርከቡ የተመዘገበበት አገር የሥራ ሰዓትን ጣሪያ ወይም የዕረፍት ሰዓትን ወለል መምረጥ ይችላል። የሥራ ጣሪያን የመረጠ በሳምንት ከ72 ሰዓት በላይ ማሠራት አይችልም። የዕረፍት ወለልን የመረጠ ግን ከሳምንቱ 168 ሰዓት ላይ 77ቱን ሲቀንሱ 91 ሰዓት የሚያሠራበት መንገድ አለው። የመዝናኛ መርከቦች በአብዛኛው እንደ ባሃማስ፣ ፓናማ፣ ቤርሙዳና ማልታ ባሉ አገሮች የሚመዘገቡ ናቸው፤ ስለዚህ ከማያሚ ቢነሡም የሥራ ሰዓታቸውን የሚገዛው የአሜሪካ ሕግ አይደለም። እኔ ይህን ክፍተት የስምምነቱ ትልቁ ድካም አድርጌ ነው የማየው። ሰባቱን ቀን እየሠራ ዘጠኝ ወር የሚቆይ ሰው ውሉ ሕጋዊ ስለሆነ ብቻ አካሉ አይታገሥለትም።

ወረቀቱም ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ማልሞ፣ ስዊድን የሚገኘው የዓለም የባሕር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት በመርከቦች ላይ የሥራና የዕረፍት ሰዓት መዝገብን «ማስተካከል» የተስፋፋ ልማድ መሆኑን አሳይቷል። ሠራተኛው በራሱ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ቅጂውንም የማግኘት መብት አለው። ወንድምዎ ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ደብተር ይያዝ፤ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፍ፤ ያልሠራበትን ሰዓት «ሠርቷል»፣ የሠራበትን «አርፏል» በሚል መዝገብ ላይ ባይፈርም ይመረጣል። ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደ ከማንም ምስክር ይልቅ ያቺ ደብተር ትጠቅመዋለች።

አሁን ወደ እንቅልፉ ልምጣ፤ የመከራው ሥር ያለው እዚያ ነው ብዬ ስለማምን። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲባል የሚበቃ ይመስላል። ከዚያ ውስጥ ወደ ክፍሉ መውረድ፣ መታጠብ፣ ዩኒፎርም ማዘጋጀት፣ ቤት መደወል፣ ጠዋት መልበስና ቁርስ መቅመስ ሲወጣለት አምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ካገኘ ዕድለኛ ነው። የሚተኛውም ብዙ ጊዜ ከውኃው ወለል በታች ወይም በአጠገቡ ባለ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ፈረቃው ከእሱ ጋር ካልገጠመ ባልደረባ ጋር ነው። ያኛው ሲገባ ይህኛው ይነቃል። አእምሯችን የቀንና የሌሊቱን ነገር የሚለየው በብርሃን ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ በመብራት ብቻ በሚደምቅ መተላለፊያ አድርጎ አዳራሽ የሚገባ ሰው ቀኑ መንጋቱን አካሉ አያውቀውም። መርከቡ የሰዓት ክልል ሲቀይርም ሰዓት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ከሌሊቱ ላይ አንድ ሰዓት ይቀነስበታል።

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የምላሽ ፍጥነቱና ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በምርምር ተረጋግጧል። ወንድምዎ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ ሌሊቱ 5፡00 ሲቆም 17 ሰዓት ሞላው። በዚያ ሰዓት የሞላ ትሪ ይዞ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እየሄደ ነው። በዚያው ሰዓት ነው ደግሞ ፈገግ እንዲል የሚጠየቀው።

ፈገግታው ራሱ ሥራ ነው፤ ድካሙም እውነተኛ ድካም ነው። እንግዳው በጉዞው መጨረሻ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ የሚቀጥለውን ውል ይነካል፤ ከገቢውም ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ከጉርሻ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቅር ቢለውም፣ ቢሰደብም፣ እናቱ መታመሟን ሰምቶ ቢገባም ፊቱ የእሱ አይደለም። ላሊበላም ሳለ ፈገግ ይል ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር የመሰለውን ፊት ያሳይ ነበር። መርከብ ላይ ከሥራ የሚወጣበት በር የለም። አለቃው ከእሱ ክፍል ጥቂት በሮች አልፎ ይተኛል፤ ምሳ የሚበላው አብረውት ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው፤ በእንግዶች ክፍል ካለፈ ከፈረቃ ውጭ እንኳ ቢሆን ሰላም ማለት አለበት። ትልልቆቹ መርከቦች ከተማ ያህላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 2,350 ያህል ሠራተኞች አሉት። ይህን ያህል ሕዝብ መካከል ሆኖ አማርኛ የሚያናግረው አንድ ሰው ላያገኝ ይችላል። አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው፤ እነሱ ሲሰባሰቡ የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው ሳቅ አላቸው።

ሮበርት ካራሴክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰውን የሚያሳምመው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ብዙ የሚጠየቅበት ሆኖ በሥራው ላይ ግን ምንም የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው ነው የሚጎዳው። ለዚህ ከመርከብ አስተናጋጅ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም፤ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ መቼ መሬት እንደሚረግጥ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ይህን ለአባትዎ ያስረዱልኝ። ልጁ ወኔ አላጣም፤ አምስት ወር ሙሉ በዚህ ሁኔታ ቆሟል።

ቤታችሁ ውስጥ ዛሬውኑ ልታስተካክሉት የምትችሉት ደግሞ ስልኩን ነው። ካሪቢያን ከእኛ በ7 ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። እሱ ሌሊት 5፡00 ሥራ ሲጨርስ ደሴ ላይ ጠዋት 12፡00 ነው። ንጋት ላይ የሚሰሙት ዝምታ የረጅም ቀን መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ዝምታ ነው። ለኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል፤ በስምምነቱ ላይ የተጨመረውና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የሚሠራው ማሻሻያ ለሠራተኞች የሚቻለውን ያህል የኢንተርኔት አገልግሎት እንዲቀርብና ክፍያ ካለም ተመጣጣኝ እንዲሆን ያዛል፤ ነጻ ይሁን ግን አይልም። ያቺ የተገዛች ደቂቃ ደሴ ስትደርስ ምን እንደምትሆን ብዙ ቤት አይቻለሁ። እናት ትጀምራለች፤ «ከሳህ፣ አትበላም ወይ ልጄ?» አክስት ትቀበላለች፤ የቅሬው መዋጮ ሦስት ወር አልፎታል። አጎት የቤቱ ቆርቆሮ መወደዱን ይናገራል። የጎረቤት ልጅ ስልክ እንዲላክለት በሹክሹክታ ያስታውሳል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አብሽር!» ይሉታል፤ ይዘጋል። እሱን እንዴት እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ቢጠየቅም ያ ሁሉ ሰው እየሰማ አይመልስም።

እንዲህ ይሁን። የስልኩ ሰዓት ይለወጥ። ረፋድ 4፡00 ላይ ቁርሱን ሲጨርስ ደሴ ከቀኑ 11፡00 ነው፤ ቡና የምታፈሉበት ሰዓት። ያኔ ሩብ ሰዓት ያህል በሳምንት ሁለቴ ቢያወራችሁ ይበቃል፤ ሌሊቱ ለእንቅልፉ ይተውለት። ስልኩን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፤ እርስዎ ይሁኑ። የገንዘብ ጉዳይ በዚያ ስልክ አይነሣ፤ በወር አንድ ጊዜ በጽሑፍ ይላክለት። ደመወዙ ቢያንስ በየወሩ እንዲከፈለውና ከፊሉን በቀጥታ ለቤተሰብ እንዲያስልክ ስምምነቱ ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ የማይለወጥ መጠን ወስኑና ከዚያ በላይ አትጠይቁት። የእናትዎ ዱዓ በድምፅ ተቀድቶ ይላክለት፤ ደስ ባለው ሰዓት ተኝቶ ይሰማዋል። አክስትዎም ጸሎታቸውን ይቀጥሉ። ወሎ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ቤት አብረው የኖሩ ናቸው፤ ሐኪሙም ከእነሱ ጋር አይጣላም። የማልቀበለው ዱዓው ወይም ጠበሉ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ እንዲያዘገየው ብቻ ነው።

ለራሱ የምመክረው አጭር ነው። ጠዋት ቁርሱ እንዳለቀ ለሠራተኞች ወደተፈቀደ ክፍት ወለል ወጥቶ የቀን ብርሃን ይይ። ከሰዓት በኋላ ባለው ዕረፍት ለ20 ደቂቃ ጋደም ይበል፤ ከዚያ በላይ ቢተኛ የሌሊቱን ይሰርቅበታል። የእራት ፈረቃው ከተጀመረ በኋላ ቡና ይቅርበት። የሠራተኞች ባር ውስጥ መጠጥ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ መጠጥ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን ይቀሰቅሳል።

ድካም ብቻ ነው ወይስ ሕመም ሆኗል? መለያው ይህ ነው። የደከመ ሰው ሁለት ሌሊት በደንብ ከተኛ ፊቱ ይፈታል፤ ቀልድ ይመለስለታል፤ ምግብ ይጣፍጠዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ማዘን፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ መጥላት፣ ጊዜ እያለው እንኳ መተኛት አለመቻል ወይም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ መቅረት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ራሱን መውቀስ ከታየበት የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልገዋል። «የሰው ፊት አስጠላኝ» ማለቱ ብቻውን አያስደነግጠኝም። «ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ቢል፣ ንብረቱን ማደል ቢጀምር፣ ሌሊት ብቻውን ወደ መርከቡ ጠርዝ መሄድ ቢያዘወትር፣ ወይም ሲሰናበት ያልተለመደ የይቅርታ ቃል ቢናገር ግን ነገ አይባልም።

ስለዚህ ይጠይቁት፤ በግልጽ ይጠይቁት። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ፈርቶ ዝም ይላል፤ የሚጠየቀው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀልሎት ነው የሚመልሰው። አዎ ካለ ብቻውን እንዳይሆን ይንገሩት፤ ወደ ሕክምና ክፍሉ አሁኑኑ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ለኩባንያው የሠራተኞች ክፍልም ደውለው ያሳውቁ። ለዚህ ብለው ዛሬ አንድ ወረቀት ላይ የመርከቡን ስም፣ የኩባንያውን ስም፣ የእሱን የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ የቀጣሪውን ወኪል ስልክና ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ይጻፉ። ብዙ ቤተሰብ የልጁን መርከብ ስም እንኳ አያውቅም። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች የደኅንነትና የእርዳታ መረብ የሚያስተዳድረው «ሲፋረርሄልፕ» የተባለ የእርዳታ መስመር ደግሞ 24 ሰዓት ይሠራል፤ ነጻ ነው፤ ምስጢር ይጠብቃል፤ ከቤተሰብም ጥሪ ይቀበላል። በትልልቅ ወደቦች ላይ እንደ «ሚሽን ቱ ሲፋረርስ» እና «ስቴላ ማሪስ» ያሉ ድርጅቶች የመርከበኞችን ሃይማኖት ሳይጠይቁ የሚያስተናግዱባቸው ማእከላት አሏቸው።

ቃል የገባሁት የትኬቱ ነገር ይኸው። መርከብ ላይ ያለ ሠራተኛ ሕክምና የሚያገኘው ያለክፍያ ነው። ሐኪሙ መሥራት አይችልም ብሎ ከመርከብ ቢያወርደው፣ ወደ አገሩ የሚመልሰው ባለመርከቡ ነው፤ መርከብ ላይ እስካለ ሙሉ ደመወዙን፣ ከወረደም በኋላ እስኪድን ድረስ የሕክምና ወጪውንና ደመወዙን ሙሉውን ወይም በከፊል ይከፍላል፤ ይህን ግዴታ በጊዜ መገደብ ቢቻልም ከ16 ሳምንት በታች ማድረግ አይቻልም። ተስፋ ቆርጦ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ከፈረመ ግን በብዙ ውሎች መሠረት ትኬቱን ራሱ ይገዛል፤ ታምሜ ነበር ብሎ በኋላ መከራከሩም ከባድ ይሆናል። አለቃ «ፈርም፣ ይቀልልሃል» ቢለው እንኳ አስቀድሞ ሐኪም ይይ። ሌላ ምክንያት ኖሮት መውጣት ከፈለገ ውሉ ውስጥ የቅድሚያ ማስታወቂያ ጊዜ አለ፤ ከ7 ቀን ማነስ የለበትም፤ ለቤተሰብ ሐዘን ወይም ለሌላ አስቸኳይ ምክንያት ከዚያ ባጠረ ጊዜ ያለ ቅጣት የመውጣት ነገርም ስምምነቱ ውስጥ ታስቦበታል። ፓስፖርቱን የመርከቡ ጽሕፈት ቤት ለወደብ ቁጥጥር መያዙ የተለመደ ነው፤ ሲወርድ ግን አይከለከልም።

የሐኪም ቤት መዝገብ ሁለተኛ ውል ያስከለክለኛል ብሎ ይፈራ ይሆናል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ብዬ አላታልለውም፤ ሠራተኞች ሕመማቸውን የሚደብቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በዚህ አኳኋን አራት ወር ተጎትቶ ቢወድቅ ሁለተኛውን ውል ያኔም አያገኘውም።

አባትዎ «ይጨርስ» ሲሉ አንድ እውነት ይዘዋል። የሚያልቅበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ብዙ ይችላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ2020 አይተነዋል። ያን ዓመት በየካቲት ወር «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» ዮኮሃማ ወደብ ላይ ታግዶ ሲቆም ከ700 በላይ ሰው በኮሮና ተያዘ፤ እንግዶች በየክፍላቸው ሲዘጉ ሠራተኞቹ ግን ምግብ እያደረሱ ማገልገላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ድንበሮች ተዘጉ፤ በዓለም ዙሪያ ውላቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ ያልቻሉ ባሕረኞች 400,000 ያህል ደረሱ። የመዝናኛ መርከቦች እንግዶቻቸውን አራግፈው ሠራተኞቹን ይዘው ባሕር ላይ ቆሙ። ያኔ ሥራ ቀንሶ ነበር፤ ሰው የተሰበረው መቼ ቤቱ እንደሚገባ ባለማወቁ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሐኪሙ አይቶት እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ሊቀጥል ከወሰነ የመመለሻው ቀን በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ከቤትም «አንድ ሁለት ወር ጨምር» የሚል ቃል እንዳይወጣ አባትዎን ያስምሉልኝ። ሁኔታው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካልተሻሻለ ግን ይመለስ። ያኔ ደግሞ ቤት ሲገባ «ስንት ይዘህ መጣህ?» ሳይባል አንድ ወር ይተኛ፣ ይብላ፣ ሰፈሩን ይዙር። ከሳዑዲ በባዶ እጃቸው የተመለሱ ልጆችን ወሎ ያውቃቸዋል፤ ከጉዞው ይልቅ በር ላይ የጠበቃቸው ጥያቄ የጎዳቸው ብዙዎች ናቸው።

የመጨረሻው ወንድምዎን በሚመለከት ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጡ። የባሕር ሥራ ስምምነቱ ሠራተኛን ለማስቀጠር ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል፤ ከሠራተኛው ኪስ ሊወጣ የሚችለው የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የመርከበኛ ደብተርና የፓስፖርት ወጪ ብቻ ነው፤ ቪዛው እንኳ የባለመርከቡ ወጪ ነው። በአገራችንም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 እንደተሻሻለው፣ ሥራውን ፈቃድ ላላቸው ኤጀንሲዎች እንጂ ለመንደር ደላላ አልሰጠም። ሰውየው ፈቃዱን ያሳይ፤ ፈቃዱን ደግሞ እናንተ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ። የመርከቡን ስም፣ የተፈረመ ውል፣ የእሳት መከላከል፣ ባሕር ላይ በሕይወት የመቆየት፣ የመጀመሪያ እርዳታና የግል ደኅንነት ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ይጠየቅ። «ስትደርስ ታያለህ» ካለ ነገሩ አበቃ።

ልጁ የሜካኒካል ምሕንድስና ምሩቅ ከሆነ ደግሞ ትሪ ይዞ ባሕር የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ያለው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የባሕር አካዳሚ የምሕንድስና ምሩቃንን ለመርከብ የሞተር ክፍል መኮንንነት ሲያሠለጥን ቆይቷል። ያም ሥራ የራሱ ሙቀት፣ የራሱ ብቸኝነት አለው፤ ነገር ግን የሙያ ማዕረግና የተሻለ ደመወዝ ያለው፣ ወደ ላይ የሚያድግበት መሰላል የታወቀ ነው። የመግቢያውን መስፈርት ከአካዳሚው በቀጥታ ይጠይቅ። ከማመልከቱ በፊት ግን ለወንድሙ በቡና ሰዓት ይደውልና ስለ ሥራው፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ እንቅልፉ ብቻ ይጠይቀው።